የአስቤዛው ዘንቢልና የሰፈሩ አዳራሽ



የዛሬው ጥናታችን ከወጥ ቤት ይጀምራል። ርእሱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችንን ሲያሳስበን የቆየ ጉዳይ ስለሆነ በጥሞና ልንመለከተው ይገባል። ጥያቄው ይህ ነው። ቤተሰቦቻችን በየሳምንቱ ለሽንኩርት፣ ለዘይት፣ ለጤፍ፣ ለስኳርና ለሳሙና ከሚያወጡት ገንዘብ፣ በላዩ ሌላ መዋጮ ሳንጠይቅ፣ ለሰፈራችን አንድ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ማቆም ይቻላል ወይስ አይቻልም?

አዳራሽ ስንል እጅግ ትልቅ ነገር አላሰብንም። አንድ ጣሪያ፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ መብራት፣ የመጻሕፍት መደርደሪያና አንድ ዕቃ ቤት ይበቃናል። ቀን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ያጠኑበታል፤ ማታ የዕድር አባቶችና እናቶች ይሰበሰቡበታል፤ ሐዘን ሲመጣም ለቀስተኛው ያርፍበታል። በአራዳና በፒያሳ ላደግን ሰዎች የዚህ ዓይነቱ ቤት አስፈላጊነት ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይበልጥ ተገልጦልናል። በዚያ ወቅት ለኮሪደር ልማት ሲባል እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ ነባር መንደሮች ፈረሱ፤ ብዙ ጎረቤቶቻችንም ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዱ። ቡና ሲፈላ በአጥር ላይ ይጠራሩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ለመገናኘት ሁለትና ሦስት ታክሲ ይይዛሉ። የዕድሩ መዝገብ ግን አለ፤ የአባላቱም ስም ከነመዝገቡ አለ። የጎደለው የሚሰበሰቡበት ቤት ነው።

ስለዚህ ጥናታችን ስለ ገንዘብ ቢሆንም፣ የተበተነ ሰፈር ሰፈር ሆኖ ይቀጥላል ወይ የሚለውን ጥያቄም ይነካል። ከሁሉ አስቀድሞ መልሳችንን እንናገር። ይቻላል፤ ነገር ግን ያለ ሥርዐት አይቻልም። ሥርዐቱን ከዚህ ቀጥሎ አንድ በአንድ እናያለን።

ሀ/ ሁለት ቃላትና አንድ አሮጌ ገበያ

በየቀኑ ከአፋችን የማይጠፉ ሁለት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። አንደኛው «ፒያሳ» ነው፤ ትርጓሜውም አደባባይ፣ ሰው የሚገናኝበት ሰፊ ቦታ ማለት ነው። ሁለተኛው «አስቤዛ» ነው፤ መነሻውም ወጪ፣ ለቤት የሚሆን ግዢ ማለት ነው። ቃላቱን ከውጭ ብንወስዳቸውም ነገሮቹ ግን ከዚያ በፊትም የኛ ነበሩ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዋናው የከተማይቱ ገበያ አራዳ ነበር፤ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። እህሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ በርበሬው እዚያ ይሸጣል። አሞሌ ጨውና የማርያ ትሬዛ ብር እዚያ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። ነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅም ይነገርበታል። ሰው ሊገበይ መጥቶ ወሬ ሰምቶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ታርቆም ይመለስ ነበር።

ጣልያን ከተማችንን በያዘባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው። በፒያሳ የቀረው አትክልት ተራ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ከተማውን ሲመግብ ኖሮ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ከዚያም ወደ ላፍቶ፣ ሃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው አካባቢ ሄደ። እንግዲህ ገበያው ሁለት ጊዜ ከአጠገባችን ተነሥቷል ማለት ነው። ገበያው በራቀ ቁጥር በአምራቹና በእኛ ወጥ ቤት መካከል የሚቆመው እጅ ይበዛል፤ እያንዳንዱ እጅ ደግሞ የድካሙን ዋጋ ይይዛል። ይህን የምንለው ነጋዴን ለመውቀስ አይደለም፤ የምንፈልገው ገንዘብ የት እንዳለ ለማወቅ ነው።

ለ/ ገንዘቡ የት ተቀምጧል?

ጤፍ በኩንታል ሲገዛና በኪሎ ሲገዛ የአንዱ ኪሎ ዋጋ እኩል አይደለም። ሽንኩርት በኬሻና በኪሎ፣ ዘይት በ20 ሊትር ጀሪካንና በአንድ ሊትር ጠርሙስ፣ ሳሙና በካርቶንና በፍሬ ሲገዛም እንዲሁ ነው። በጅምላውና በችርቻሮው መካከል ያለው ልዩነት ለመኪና፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለሱቅ ኪራይ፣ ለብልሽት፣ ለግብርና ለባለሱቁ መተዳደሪያ ይውላል። አንድ እናት ብቻዋን ይህን ልዩነት ልትነካው አትችልም። አንድ ኩንታል ምስር የምትገዛበት ገንዘብ በአንድ ጊዜ በእጇ የለም፤ ቢኖርም የምታስቀምጥበት ቦታ የላትም። ሃምሳ እናቶች አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነጥብ አለ። ስጦታና ይህ መንገድ የተለያዩ ናቸው። በወንጌል የተመሰገነችው መበለት የሰጠችው ያላትን ሁሉ ነበር፤ እንዲህ ያለው ልግስና በሌላ ነገር አይተካም። የአስቤዛው መንገድ ግን ከማንም ቤት አዲስ ገንዘብ አይጠይቅም። ሊወጣ የነበረውን ገንዘብ መንገዱን ብቻ ይለውጠዋል። በዚህም ምክንያት መዋጮ ሲጠየቅ አንገቱን ለሚደፋው ለድሀው ጎረቤት ይስማማዋል፤ ሌላው በሚገዛው መጠን እርሱም ገዝቶ የአዳራሹ ባለቤት ይሆናል።

ሐ/ የሮችዴል ሸማኔዎች

ይህን አሳብ በሥራ ካሳዩት ሁሉ ስማቸው አብዝቶ የሚጠራው በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ሸማኔዎች ነበሩ። ደመወዛቸው አነስተኛ፣ የሚገዙት ምግብም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ነበር። 28 ሆነው፣ ከሳምንት ገቢያቸው ጥቂት ሳንቲም እየቆጠቡ፣ 28 ፓውንድ አጠራቀሙና እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1844 ቶድ ሌን በተባለው መንገድ ላይ አንዲት ሱቅ ከፈቱ። በመደርደሪያው ላይ የነበረው ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ብቻ ነበር። ያዩዋቸው ሰዎች ሳቁባቸው። እ.ኤ.አ. በ1850 ግን አባሎቻቸው 600 ያህል ደርሰው ነበር።

እነዚህ ሰዎች ለምን ተሳካላቸው? ካቆሟቸው ደንቦች አራቱን እንይ።

1ኛ/ ሚዛኑ ሙሉ፣ ዕቃውም ንጹሕ ይሆናል። በእኛም አገር በርበሬና ቅቤ ከባዕድ ነገር ጋር ተቀላቅሎ ሲሸጥ ያላየ የለም። መጽሐፈ ምሳሌም ሐሰተኛ ሚዛንን አጥብቆ ይነቅፋል።

2ኛ/ ሽያጩ በእጅ በእጅ ነው፤ ዱቤ የለም።

3ኛ/ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። ብዙ ገንዘብ ያስገባው ከሌላው አብልጦ አይወስንም።

4ኛ/ ዋጋው የገበያው ዋጋ ይሆናል፤ በዘመኑ መጨረሻ ከወጪ የተረፈው ግን ለእያንዳንዱ ገዢ እንደ ገዛው መጠን ይመለስለታል።

ከአራቱ ሁሉ ለእኛ ጥናት የሚጠቅመው አራተኛው ነው። ዋጋውን ከመነሻው ቢቀንሱት ኖሮ ጥቅሙ በየቀኑ በሳንቲም ተበትኖ ይጠፋ ነበር። አጠራቅመው ሲመልሱት ግን የሚታይ ገንዘብ ሆነ። ሌላም ነገር አደረጉ። ከሚተርፈው ላይ ከመቶ ሁለት ተኩል ለትምህርት እንዲሆን ወሰኑ፤ ከሱቁም ፎቅ ላይ የማንበቢያ ክፍልና ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ጋዜጣ መግዛት የማይችለው ሸማኔ ዱቄት ሊገዛ መጥቶ ወደ ላይ ወጥቶ ያነብ ነበር። እንግዲህ ከዘንቢል አዳራሽ ሊወጣ እንደሚችል እነዚህ ሰዎች በተግባር አሳይተውናል። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1995 ያጸደቃቸው ሰባት መርሖዎች ከዚህች ሱቅ ደንብ የተነሡ ናቸው፤ የመጨረሻውና ሰባተኛው መርሖም ለማኅበረሰቡ ማሰብ ነው።

መ/ በአገራችን የታየው

ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችን ኅብረት አዲስ ነገር አይደለም። ዕድር፣ ዕቁብ፣ ማኅበር፣ ደቦ አለን። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች፣ ከነጋዴው ጀምሮ እስከ ሊስትሮው፣ ገንዘብ አዋጥተው በትውልድ አገራቸው መንገድ ማሠራታቸው የሚታወቅ ነው። አስቤዛን በተመለከተ ደግሞ ሁለት ዘመን አይተናል።

የመጀመሪያው የኅብረት ሱቅ ዘመን ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ በኋላ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ በየቀበሌውም የኅብረት ሱቅ ተከፈተ። ወላጆቻችን ስኳር፣ ዘይት፣ ጨውና ሳሙና በካርድ የወሰዱት ከዚያ ነው። ጥንካሬው የታወቀ ነው፤ ዕቃ ሲጠፋና ዋጋ ሲሰቀል ድሀው ቤተሰብ በተወሰነ ዋጋ የድርሻውን ያገኝ ነበር። ድካሙ ደግሞ ሰልፉ ብቻ አልነበረም። ዕቃው የሚመጣው ከላይ ነው፤ ካልመጣ ሱቁ ባዶ ነው። ገዢው ካርድ ያዥ እንጂ ባለቤት ነኝ ብሎ አያስብም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ስንት ተረፈ ብሎ የሚጠይቀውም ጥቂት ነበር። ባለቤት ያልሆነ ሰው ደግሞ ሌላ ሱቅ ሲከፈት ወደዚያ ይሄዳል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነጻ ገበያ ሲመጣ ብዙዎቹ የተዳከሙት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘመን ነው። እነዚህ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የተቋቋሙ ናቸው። በአዲስ አበባ በየወረዳው ስኳር፣ የምግብ ዘይት፣ ዱቄትና ጤፍ ሲያከፋፍሉ እናያቸዋለን። ሕጉ አባልነት በፈቃድ እንዲሆን፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ እንዲኖረው፣ ከትርፉም መጠባበቂያ እንዲቀመጥ ያዛል። የተረፈው ለአባላት ይከፋፈላል፤ ጠቅላላ ጉባኤውም ማኅበሩ ለአካባቢው ምን እንዲያደርግ ይመክራል። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያለ መብት ነው። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ቤተሰባችን አባል መሆኑን የምናውቅ? በጠቅላላ ጉባኤው ቀን የተገኘንስ ስንቶቻችን ነን? መብቱ ያለው ሰው ካልተጠቀመበት አዲሱ ሱቅ እንደ አሮጌው የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ብቻ ይሆንበታል።

ሠ/ ሦስት መንገዶች

ከዚህ በላይ ካየነው ተነሥተን፣ ወጣቶች ልንጀምራቸው የምንችላቸው ሦስት መንገዶች አሉ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሂድ።

አንደኛው መንገድ ከሰፈሩ ባለሱቅ ጋር መስማማት ነው። ጋሼ ባለሱቁ ጎረቤታችን ነው፤ በጨነቀን ቀን በዱቤ የሰጠን እርሱ ነው። ስለዚህ በእርሱ ላይ ከመነሣት ይልቅ ከእርሱ ጋር መነጋገር ይሻላል። «እነዚህ አርባ ቤተሰቦች የወር አስቤዛቸውን ከእርስዎ ዘንድ በእጅ በእጅ ይገዛሉ፤ እርስዎ ደግሞ ዋጋ ሳይጨምሩ ከመቶው አንድ ወይም ሁለት ብር ለአዳራሹ ይመድቡልን» ልንለው እንችላለን። እርሱም ቋሚ ደንበኛ ያገኛል፤ የዱቤ ዕዳም ይቀንስለታል። እያንዳንዱ ገዢ በአንዲት ትንሽ ደብተር የገዛውን ያስጽፋል፤ በወሩ መጨረሻ ተደምሮ ሒሳቡ ይተሳሰባል።

በሰለጠነው ዓለም ያሉ ትላልቅ መደብሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ። በአሜሪካ ክሮገር የተባለው የምግብ መደብር ገዢዎች ካርዳቸውን ከመረጡት በጎ አድራጎት ማኅበር ጋር እንዲያያይዙ ይፈቅዳል፤ እነርሱ በገዙ ቁጥር መደብሩ ለማኅበሩ ድርሻ ያስባል። አማዞንም እ.ኤ.አ. በ2013 ከተመረጡ ዕቃዎች ሽያጭ ከመቶ ግማሽ ለበጎ አድራጎት የሚሰጥበት አሠራር ጀምሮ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ራሱ ዘጋው፤ በዚያ ገቢ የተማመኑ ማኅበራትም ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው። ከዚህ የምንረዳው የመጀመሪያው መንገድ ቀላል የመሆኑን ያህል ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ነው። ባለሱቁ ቢሸጥ፣ ቢዛወር ወይም አሳቡን ቢለውጥ ገቢው ይቆማል።

ሁለተኛው መንገድ በጋራ ከጅምላ መግዛት ነው። በወር አንድ ጊዜ የየቤቱ ፍላጎት ይመዘገባል፤ ገንዘቡ አስቀድሞ ይሰበሰባል፤ ሁለት ወይም ሦስት ታማኝ ሰዎች ከዕድር እናቶች ጋር ሆነው ገዝተው በአንድ አይሱዙ ያመጡታል፤ በዚያው ቀን ተመዝኖ ይከፋፈላል። በዚህ ጊዜ መጀመር ያለበት በማይበላሽ ነገር ነው፤ ጤፍ፣ ምስር፣ አተር፣ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና። ቲማቲም መንገድ ላይ ይፈርጣል፤ ሽንኩርትም ሲቀመጥ ስለሚደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል። እነርሱን ልምድ ካገኘን በኋላ እንጨምራቸው። የኪሎው ዋጋ ከሰፈሩ ችርቻሮ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ ይሁን፤ ከወጪ የተረፈው ደግሞ አስቀድሞ በተወሰነው መሠረት ይከፈል።

ወደ ዳርቻ የሄዱት ጎረቤቶቻችንም በዚህ መንገድ ሊገቡበት ይችላሉ። በአንድ መንደር የሰፈሩት አንድ ላይ ያዝዛሉ፤ መኪናው ወደ እነርሱም ይዞራል። በወር አንድ ጊዜ ለምስርና ለጤፍ የሚደረገው ይህ መገናኘት ራሱ የሰፈሩ ስብሰባ ይሆናል።

ሦስተኛው መንገድ ራሱን የቻለ የሸማቾች ማኅበር መሆን፣ ወይም ካለው ማኅበር ገብቶ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ መስጠት ነው። ይህ ሕጋዊ ሰውነት ያለው፣ በስሙ የባንክ ሒሳብ የሚከፍት፣ ውል የሚዋዋል አካል ነው። ነገር ግን መተዳደሪያ ደንብ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴ፣ የቁጥጥር ኮሚቴና በየዓመቱ የሚመረመር ሒሳብ ይጠይቃል። ሁለተኛውን መንገድ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በሥርዐት ያልሄደ ቡድን ወደ ሦስተኛው ባይቸኩል ይመረጣል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ተብሏልና።

ረ/ በቁጥር ስናየው

ነገሩን ለማብራራት አንድ ስሌት እንሥራ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቡድን በራሱ ሰፈር ዋጋ ይተካቸው።

120 ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በወር የ3,000 ብር አስቤዛ በጋራ ቢገዙ፣ ጠቅላላው 360,000 ብር ይሆናል። የመኪና፣ የጫኝና አውራጅ፣ የከረጢትና የጉድለት ወጪ ሁሉ ተነሥቶ ከመቶ 5 ብር ቢተርፍ በወር 18,000 ብር ነው። ጉባኤው ግማሹ ለገዢዎች እንደ ገዙት መጠን እንዲመለስ፣ ግማሹ ለአዳራሹ እንዲሆን ቢወስን፣ ለእያንዳንዱ ቤት በወር 75 ብር ይመለስለታል፤ ለአዳራሹም 9,000 ብር ይገባል። በዓመት 108,000 ብር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ገጽ እንመልከት። ከ120ው ቤተሰብ 80ው ተሰላችቶ ወደ ቀድሞ ልማዱ ቢመለስና 40ው ብቻ ቢቀር፣ የዓመቱ ገቢ ወደ 36,000 ብር ይወርዳል። በዚያ ላይ የመኪናው ኪራይ ለ40 ቤትም ለ120 ቤትም ያን ያህል ስለማይለያይ፣ ከመቶ 5 ብር መትረፉ ራሱ ያጠራጥራል። ስለዚህ አዳራሹን የሚሠራው ከመቶ የሚተርፈው ቁጥር ትልቅነት ሳይሆን የገዢዎቹ ጽናት ነው።

108,000 ብርስ አዳራሽ ይሠራል? በአንድ ዓመት አይሠራም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጡ የግንባታ ዕቃዎች ዋጋ ምን ያህል እንደናረ እናውቃለን። ገንዘቡን ዝም ብሎ እያጠራቀሙ መጠበቅ ከሚሸሽ ሰው ኋላ እንደ መሮጥ ነው። ሌላም እንቅፋት አለ። የከተማ ቦታ የመንግሥት ስለሆነ ገንዘብ ስለተገኘ ብቻ መሬት አይገዛም፤ በሕጉ መሠረት መጠየቅና መፈቀድ አለበት። ስለዚህ በቅደም ተከተል መሥራት ይበጃል። በመጀመሪያው ዓመት ወንበርና ጠረጴዛ፣ በሁለተኛው የመጻሕፍት መደርደሪያና መብራት ይገዛል፤ እነዚህም ዕድሩ ባለው ዕቃ ቤት ወይም በኪራይ ክፍል ይቀመጣሉ። ከወረዳው ጋር ስለ ቦታ መነጋገሩ ጎን ለጎን ይቀጥላል። ለቦታ የሚጠይቅ ማኅበር ሦስት ዓመት በአግባቡ የተያዘ ሒሳብና የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት ይዞ ሲቀርብ፣ ባዶ እጁን ከሚቀርበው ይልቅ ይደመጣል።

ሰ/ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያፈርሱት

በሰፈር የተጀመሩ ብዙ መልካም ነገሮች የፈረሱበትን ምክንያት ብንመረምር እነዚህን እናገኛለን።

የመጀመሪያው የሒሳብ መሸሸግ ነው። ሌብነት ባይኖር እንኳ ያልተነገረ ሒሳብ ሐሜት ይወልዳል፤ ሐሜት ደግሞ ከሌብነት ባልተናነሰ ማኅበር ያፈርሳል። ስለዚህ የተገዛው፣ የተሸጠው፣ የተበላሸውና የተረፈው በየወሩ በትልቅ ወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ጸሐፊው አንድ ሰው አይሁኑ። የባንኩ ገንዘብም በሁለት ወይም በሦስት ሰው ፊርማ ይውጣ።

ሁለተኛው ዱቤ ነው። ማዘን መልካም ነው፤ ነገር ግን የጋራውን ገንዘብ በዱቤ መስጠት የሌላውን ሰው ምስር ማበደር ነው። የተቸገረ ካለ ከአዳራሹ ድርሻ ተለይቶ የመረዳጃ ሣጥን ይቋቋም፤ እርዳታው እርዳታ ተብሎ ይሰጥ።

ሦስተኛው ውድ መሸጥ ነው። «ለአዳራሹ ነውና ታገሡ» እየተባለ ከገበያው ዋጋ በላይ የሚሸጥ ከሆነ፣ ነገሩ ተመልሶ የተደበቀ መዋጮ ሆነ ማለት ነው። እናቶቻችን ደግሞ ዋጋ ያውቃሉ። «የአራዳ ልጅ» ማለት የማይታለል ማለት ከሆነ፣ እነርሱ ከሁላችን በፊት የአራዳ ልጆች ናቸው።

አራተኛው ሥራውን ለጥቂት ሰዎች መተው ነው። በመጀመሪያው ወር ሃያ ወጣት ኬሻ ይሸከማል፤ በስድስተኛው ወር ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ፤ በዓመቱ እነርሱም ይደክማቸዋል። ተራ ይውጣ፤ ተራውም በጽሑፍ ይሁን። ሚዛኑን ዛሬ የያዘ በሚቀጥለው ወር መዝገቡን ይያዝ። በዚህ ዓይነት ሁላችንም ሥራውን እንማራለን፤ አንድም ሰው የማይተካ አይሆንም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ጥናት የምንይዘው ቁም ነገር ይህ ነው። አዳራሹ የሚሠራበት ገንዘብ ገና ከየትም የሚመጣ አይደለም፤ ዛሬም በየቤታችን ዘንቢል ውስጥ ያልፋል። ያልፋል እንጂ አይቆምም፤ የሚያቆመው ሰው ስላላገኘ። እርሱን ለማቆም ሀብታም መሆን አያሻም። ሙሉ ሚዛን፣ ግልጽ መዝገብ፣ አስቀድሞ የተቈረጠ ድርሻና በየወሩ የማይቀር ገዢ ያስፈልጋል። እነዚህ አራቱ ደግሞ ከእኛ አቅም በላይ አይደሉም። እናቶቻችን ዋጋውን ያውቃሉ፤ የዕድር አባቶች መዝገብ መያዝ ያውቃሉ፤ እኛ ወጣቶች መሸከምና መደመር እንችላለን። ሦስቱ ሲገናኙ ሰፈሩ ተገናኘ ማለት ነው፤ የአዳራሹም መሠረት ያኔ ይጣላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ በዚህ ሳምንት በቤታችሁ የተገዛውን አስቤዛ ሁሉ ከነዋጋው በደብተር ጻፉ። ከተገዛው ውስጥ ሳይበላሽ አንድ ወር ሊቀመጥ የሚችለው የትኛው ነው? ድምሩስ ስንት ሆነ?

2/ በሰፈራችሁ የአንዱን ዕቃ የጅምላና የችርቻሮ ዋጋ ጠይቁና አወዳድሩ። ልዩነቱ በምን በምን ላይ ይውላል?

3/ የሮችዴል ሰዎች ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ የተረፈውን በኋላ መመለስን ለምን መረጡ? ለእኛ ሰፈር የትኛው ይሻላል?

4/ የኅብረት ሱቅን ዘመን የሚያስታውሱ አባትና እናት ጠይቁ። የወደዱት ምኑን ነበር? ያልወደዱትስ?

5/ ከሰፈራችሁ ወደ ሌላ መንደር የሄዱ ጎረቤቶች ስንት ናቸው? በወር አንድ ጊዜ ከእነርሱ ጋር በጋራ ለመግዛት ማን ማንን ይጠይቅ? ስም ጠቅሳችሁ ተከፋፈሉና በሚቀጥለው ሳምንት መልሱን ይዛችሁ ኑ።